ከከተማ ዳር እስከ ቦሌ ተርሚናል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን የጻፍኩት ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ቦሌ አራብሳ፣ አያት፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለምትኖሩ ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ገርጂና ሩዋንዳ ሰፈር ያላችሁ ብዙም አያስፈልጋችሁም፤ እናንተ ሻንጣ እየጎተታችሁም ትደርሳላችሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ተርሚናሉ ነው፣ ስለ ፍተሻው፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ በሩ ቁጥር። በረራ ያመለጣቸው የማውቃቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ ተርሚናሉን ሳያዩት ነው ያመለጣቸው፤ ጎሮ ወይም ሳሪስ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሰዓታቸውን እያዩ። ስለዚህ ስለ መንገዱ ረዘም አድርጌ፣ ስለ ሌላው ቆረጥ አድርጌ እመልሳለሁ።

ተርሚናሉ እንደሚባለው ነው? የሄዱበት ሰዎች ምን ይላሉ?

ያምራል፣ አይካድም። መስታወቱ፣ የጣሪያው ከፍታ፣ ብርሃኑ፣ የድሮውን ለሚያስታውስ ሰው ያስደንቃል። ተርሚናል ሁለት ራሱ በ1995 ዓ.ም ሲከፈት ጉድ ተብሎለት ነበር፤ ከዚያ መንገደኛው እየበዛ ሄዶ መቆሚያ ጠፋ። ማስፋፊያው የተመረቀው ጥር 19፣ 2011 ዓ.ም ነው። 363 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፣ በዓመት 7 ሚሊዮን ሰው የመያዝ አቅሙም ወደ 22 ሚሊዮን ከፍ ብሏል።

ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች መጀመሪያ የሚያነሱት ውበቱን ነው፣ ቀጥሎ እግራቸውን። እርምጃው ብዙ ነው። ከአውሮፕላን እስከ ሻንጣ መቀበያ ድረስ ዝግ ብሎ ለሚሄድ ሰው ረጅም መንገድ ነው። አንዳንዴ ደግሞ አውሮፕላኑ ራቅ ብሎ ይቆምና በአውቶቡስ ያመጧችኋል፣ እዚያ ላይ ቆሞ መጠበቅ አለ።

ሌላው የሚያከራክረው መጨናነቁ ነው። አንዱ "ጭር ብሎ ነበር" ይላችኋል፣ ሌላው "ገበያ ነው እንጂ ኤርፖርት አይደለም" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አየር መንገዱ የሚሠራው ከየአቅጣጫው መንገደኛ ሰብስቦ መልሶ በመበተን ነው። ማለዳ ላይ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከእስያ ይገባሉ፣ ረፋዱ ላይ ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናሉ። ማታ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው፣ ከአፍሪካ የመጣው ሕዝብ እኩለ ሌሊት አካባቢ ወደ ሌላው ዓለም ይሄዳል። በእነዚህ ሰዓቶች መቀመጫ ማግኘትም ሽንት ቤት መግባትም ትዕግሥት ይጠይቃል። በመሃል ባለው ሰዓት ከሄዳችሁ ግን አዳራሹ የእናንተ ነው።

ትኬቴ ላይ 01:15 ይላል። በእኛ ስንት ሰዓት ነው? ቀኑስ?

ሌሊት 7፡15 ነው። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አይፈር፤ የሚያፍረው ነው የሚያመልጠው። ትኬት ላይ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት ነው። ከ06:00 እስከ 18:00 ያለውን ስድስት ቀንሱለት፣ 08:30 ጠዋት 2፡30 ይሆናል። ከ18:00 በኋላ ያለውን አሥራ ስምንት ቀንሱለት፣ 22:45 ማታ 4፡45 ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ላይ ግን ስድስት ትጨምራላችሁ።

የሚያስቸግረው ሰዓቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ቀኑ ነው ጉዱ። ትኬቱ ማክሰኞ 01:15 ካለ፣ ከቤት የምትወጡት ሰኞ ማታ ነው፣ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ዘመድ ሲሰናበት ውሎ ማታ ሻንጣውን ይዞ የመጣ ሰው አለ፤ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን አልፎታል። ትኬቱን እንዳያችሁ ወረቀት ላይ "ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ከቤት መውጣት" ብላችሁ በእኛ ሰዓት ጽፋችሁ ፍሪጅ ላይ ለጥፉት።

ተቀባዮችም ተጠንቀቁ። ውጭ የኖረ ወንድማችሁ "ሰባት ሰዓት እደርሳለሁ" ሲል ምናልባት ጠዋት 1 ሰዓት ማለቱ ነው። እናንተ ምሳ በልታችሁ ስትወጡ እሱ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ግማሽ ቀን ይጠብቃችኋል።

ከቤት መቼ ልውጣ?

ለውጭ አገር በረራ 3 ሰዓት፣ ለአገር ውስጥ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ኤርፖርት መድረስ ነው መነሻው። ከዚያ ወደ ኋላ ትቆጥራላችሁ። የመንገዱ ርዝመት እንደ አቅጣጫውና እንደ ሰዓቱ ስለሚለያይ፣ አንድ ቁጥር ለሁሉም የሚሰጥ ሰው አትመኑ።

በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ በኩል ያላችሁ ወይ በጎሮ ትመጣላችሁ፣ ወይ በቃሊቲና በሳሪስ። ሌሊት በጎሮ ይሻላል። የቃሊቲው መንገድ ከጅቡቲ መስመር የሚመጣው ከባድ መኪና የሚርመሰመስበት ነው፣ ቀን ከተማ መግባት ስለሚከለከልም መንቀሳቀሻው ሌሊት ነው። አንድ ተሳቢ መሃል መንገድ ላይ ከተበላሸ አለቀ። ጎሮ አደባባይ ደግሞ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት አይቀመስም።

አያት፣ ሲኤምሲና ለገጣፎ ያላችሁ ምርጫ አላችሁ፣ በመገናኛ መውረድ ወይም በሰሚትና በጃክሮስ ወደ ገርጂ መቁረጥ። ሾፌሩ በመገናኛ ልሂድ ካለ ከመስማማታችሁ በፊት ሰዓታችሁን እዩ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መገናኛ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው።

ሰበታ፣ ዓለም ገና፣ ጀሞና ለቡ ያላችሁ በሃይሌ ጋርመንትና በሳሪስ አድርጋችሁ ነው። ቡራዩና ሱሉልታ ያላችሁ ደግሞ ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ግድ ነው። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው ቁልቁለት በክረምት ሌሊት ጭጋግ ይለብሳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፊት ለፊት ያለው መኪና መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። እዚያ ላይ ሾፌሩን "ቶሎ በል" ማለት ጥሩ አይደለም፤ ቀደም ብሎ መውጣት ነው ያለው አማራጭ።

አንድ የሚጠቅማችሁ ነገር ልንገራችሁ። ለከተማ ዳር ሰው የበረራ ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ይመቻል። ለማታ በረራ 12 ሰዓት ላይ ስትወጡ ሕዝቡ ከሥራ ወደ ሰፈራችሁ እየመጣ ነው፣ እናንተ በተቃራኒው ትሄዳላችሁ። ማለዳ ደርሳችሁ ወደ ቤት ስትመለሱም ሕዝቡ ወደ ከተማ እየገባ እናንተ እየወጣችሁ ነው። አደባባዮቹ ላይ መታገት አይቀርም፣ በመሃል ያለው ግን ይለቀቃል። የሚከብደው የረፋዱ በረራ ነው፤ እሱ ላይ ከሠራተኛው ጋር አብራችሁ ትሰለፋላችሁ። ለረፋድ በረራ ጎህ ሳይቀድ ውጡና ደርሳችሁ እዚያ ቡና ጠጡ።

መንገድ የሚዘጋባቸው ቀኖች የትኞቹ ናቸው?

አፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ፣ በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ አካባቢ ነው። በዚያ ሳምንት የመሪዎች አጀብ ባለፈ ቁጥር የቦሌ መንገድ ይቆማል፣ ሾፌሮችም ወደ ቦሌ ጥሪ መቀበል አይወዱም። የመስቀል ደመራ መስከረም 16፣ ከተራና ጥምቀት ጥር 10 እና 11፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ታላቁ ሩጫ አለ። ኢሬቻ ሰሞን በአዲስ አበባም ወደ ቢሾፍቱም ያለው መንገድ ይሞላል፣ የቃሊቲና የገላን ሰዎች ታውቁታላችሁ። ፖሊስ የሚዘጉትን መንገዶችና ተለዋጩን ቀደም ብሎ በቴሌቪዥንና በማኅበራዊ ገጹ ያሳውቃል። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን እዩት።

ሌሊት 8 ሰዓት ከኮንዶሚኒየም መኪና አገኛለሁ?

ታገኛላችሁ፣ ግን በዕድል አትሂዱ። ራይድ በ8294፣ ፈረስ በ6090 በመደወል ወይም በመተግበሪያ ይጠራሉ፣ ያንጎም አለ። መሃል ከተማ ላይ ጠርታችሁ ሳትጨርሱ ይመጣሉ። ከከተማ ዳር ግን ሌላ ነው። ሌሊት አካባቢው ላይ መኪና ላይኖር ይችላል፣ ያለውም ሰው ጥሪውን ይቀበልና ደውሎ "የት ነው የምትሄዱት?" ይላል፣ ቀጥሎ "አፑን ላጥፋውና እንነጋገር"።

ሾፌሩን ሁሉ ሌባ አድርጎ ማየት ግን ልክ አይመስለኝም። ሰውየው ሌሊት ላይ እናንተን ለማንሳት ባዶውን ነው የሚመጣው፣ የነዳጁን ሰልፍ ደግሞ እናውቀዋለን። ወደ ሰፈራችሁ ሲያመጣችሁም ባዶውን ነው የሚመለሰው፣ "መመለሻዬን አስቡልኝ" የሚለው ለዚህ ነው። እኔ የሚያናድደኝ ዋጋ መጨመሩ ሳይሆን ሻንጣ ከተጫነ በኋላ መጨመሩ ነው። አንዴ አንዱ እንዲሁ መንገድ መሃል አቁሞ ሂሳቡን እንደ አዲስ ሊነጋገር ፈለገ፤ ሰዓት የሌለው እኔ መሆኔን አውቋል፣ ከፈልኩ።

የሚያዋጣው የሰፈር ሾፌር መያዝ ነው። በየብሎኩ ከመኪናው ጋር የሚያድር ልጅ አይጠፋም። ከሁለት ቀን በፊት አናግሩት፣ ዋጋውን ጨርሱ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ምሽት ደግሞ ደውላችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ "ነዳጅ ሞልተሃል?" ጠዋት ማደያ እንቆማለን የሚል መልስ ከመጣ ሌላ ሰው ፈልጉ። የእሱንም የሌላ አንድ ሾፌርንም ስልክ ያዙ። መተግበሪያው ለመጠባበቂያ ይሁን።

የሰፈሩ ውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ወይም ጭቃ ከሆነ መኪናው በር ድረስ ላይገባ ይችላል። ቀን ላይ ባጃጅ ሻንጣችሁን እስከ አስፋልቱ ያወጣላችኋል፣ ሌሊት ግን ባጃጅ አትጠብቁ፤ ሁለት ጎረምሳ ጎረቤት አስቀድማችሁ ለምኑ። የመኪናውን ሰሌዳ ደግሞ ፎቶ አንሥታችሁ ለቤተሰብ ላኩ፣ ነውር የለውም።

ባቡሩ ኤርፖርት ይደርሳል?

አይደርስም። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ነው። ከአያት በባቡር መገናኛ ወርዶ ከዚያ በታክሲ ቦሌ መሄድ ይቻላል፣ በእጅ ቦርሳ ብቻ ለሚጓዝ ሰው። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዞ ባቡር ውስጥ መግባት ግን ራስንም ሰውንም ማስጨነቅ ነው። ሌሊት ደግሞ የለም።

ከድሬዳዋ በኢትዮ ጅቡቲ ባቡር መጥታችሁ በዚያው ልትበሩ ካሰባችሁ፣ የምትወርዱት ፉሪ ለቡ ነው፣ ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ዳር። ከዚያ ቦሌ ሌላ ጉዞ ነው። በአንድ ቀን አታገናኙት።

ሚኒባስ ይዤስ?

ቀን ከሆነ ይቻላል፣ ርካሽም ነው። "ቦሌ! ቦሌ!" የሚለው ሚኒባስ ቦሌ ድልድይ አካባቢ ያወርዳችኋል እንጂ ተርሚናሉ በር ላይ አይደለም። ከዚያ በእግር ነው፣ ወይም አጭር ኮንትራት። የኮሪደር ልማቱ ከተሠራ በኋላ የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ ተስተካክሏል፣ ባለጎማ ሻንጣ መጎተት ከበፊቱ ቀሏል። ረዳቱ ሻንጣውን እንደ አንድ ሰው ሂሳብ ሊያስከፍላችሁ ይችላል፣ ተነጋገሩ። አንበሳና ሸገር አውቶቡስ ላይ ግን በጠዋት ሻንጣ ይዛችሁ አትሞክሩት።

ሸኚ ውስጥ ይገባል?

አይገባም። መንገደኛ ያልሆነ ሰው የሚሰናበተው ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው አካባቢ ነው። ይህ ለእኛ ሰው የማይዋጥ ነገር ነው። ከሰበታ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይመጣል፣ እናት በነጠላ ተከናንባ፣ አክስት ዳቦ በፌስታል ይዛ፣ ልጆቹ በየመኪናው መሃል እየሮጡ። ሚኒባሱ ቆሞ ሁሉም ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ ይስማል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አንዷ ማልቀስ ስትጀምር ሌላውም ይከተላል፣ መንገደኛው እየሄደ መልሶ ይጠራል፣ "አንዴ ቆይ፣ አባትህ ሊመርቅህ ነው" ይባላል። አይቼዋለሁ፣ ደግ ነገር ነው። ግን ግማሽ ሰዓት ይበላል። ምርቃቱን ቤት ጨርሱ፣ አዛውንቶቹም ሌሊት በብርድ አይንገላቱም። ኤርፖርት አንድ ሁለት ሰው ይበቃል።

መኪና ማቆሚያው እንደሚያስከፍልም አትርሱ፣ ቲኬቱን አትጣሉት።

ፍተሻው ሁለት ጊዜ ነው የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። አንዱ ሕንፃው መግቢያ ላይ ነው፣ ሻንጣችሁ ሁሉ በማሽን ያልፋል። ሁለተኛው ከኢሚግሬሽን በኋላ ነው። ቀበቶና ጫማ ማውለቅ አለ፣ ስለዚህ ባለብዙ ማሰሪያ ጫማ አታድርጉ፣ ካልሲያችሁ ቀዳዳ እንደሌለውም እዩ። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚላከው ሻንጣ አይሆንም። ፈሳሽ ነገር በእጅ ሻንጣ ከሆነ ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ማርም ቅቤም እዚህ ውስጥ ናቸው፣ ማሽኑ ዘንድ ከሠራተኛው ጋር "ይሄ እኮ ምግብ ነው" ብሎ መከራከር አያዋጣም።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤ ይዤ ልሂድ?

በርበሬና ሽሮ በደንብ ታሽጎ በሚላከው ሻንጣ ይሁን። ቅቤና ቋንጣ ላይ ግን ችግሩ ቦሌ አይደለም፣ የምትደርሱበት አገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሥጋና የወተት ውጤት ከውጭ በሻንጣ ማስገባት ይከለክላሉ። አሜሪካም ከምግብ ምን እንደያዛችሁ መናገር ግዴታ ነው፣ ደብቆ መገኘት ያስቀጣል። ያች የእናት ንጥር ቅቤ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ስትገባ ማየት ደግሞ ያሳዝናል።

ኪሎውን ቤት መዝኑ። ሚዛን ከሌለ ሰፈር ያለው የእህል ነጋዴ ይመዝንላችኋል። ትኬታችሁ ላይ 2 ሻንጣ በ23 ኪሎ ከተባለ፣ አንዱ 28 ሌላው 18 ሆኖ "ድምሩ እኮ ልክ ነው" ማለት አይሠራም። ወለሉ ላይ ሻንጣ ከፍቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ሽሮ የሚያዛውር ቤተሰብ ቦሌ ላይ ሁልጊዜ አይጠፋም። የቆየ መስቀል፣ የብራና መጽሐፍ ወይም ጥንታዊ የሚመስል ዕቃ ካላችሁ ደግሞ ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ውጭ አይወጣም።

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ልትበር ነው። ምን ላድርግላት?

ዊልቸር እዘዙላት። "እኔ አንካሳ ነኝ እንዴ?" ትላለች፣ ሁሉም እናቶች ይላሉ። ዊልቸሩ ግን መቀመጫ ብቻ አይደለም፤ የሚገፋው ሠራተኛ ኢሚግሬሽኑን፣ ፍተሻውንና የመሳፈሪያ በሩን ሁሉ ያሳልፋታል። ክፍያ የለውም። ትኬት ሲቆረጥ ወይም ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት ለአየር መንገዱ መነገር አለበት፣ መድረሻዋ ላይም እንዲጠብቃት። ሸኚ ስለማይገባ ከበሩ በኋላ እጇን የሚይዝላት እሱ ነው።

ተንቀሳቃሽ ደረጃው ብዙ እናቶችን ያስፈራል። ከመሄዷ በፊት ሰፈር አቅራቢያ ያለ የገበያ ሕንፃ ይዛችኋት ሂዱና አለማምዷት። አንድ ወረቀት ላይ የበረራ ቁጥሯን፣ የተቀባዩን ስምና ስልክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፋችሁ ከፓስፖርቷ ጋር አድርጉላት። ከመቀነቷ ውስጥ አይሁን፤ በፍተሻው ላይ መፍታት ይመጣል።

የአገር ውስጥ በረራስ?

ተርሚናል አንድ፣ ጎን ያለው ሕንፃ። ባሕር ዳር፣ ላሊበላ፣ ጂንካ፣ ጅግጅጋ ከሆነ እዚያ ነው። በ2017 ዓ.ም ታድሶና ሰፍቶ ተመርቋል። ለሾፌሩ አስቀድማችሁ "የአገር ውስጥ" በሉት፣ አለበለዚያ በልምድ ተርሚናል ሁለት ያወርዳችኋል።

ማታ ከመንገላታት ቦሌ አካባቢ ልደር?

ከሱሉልታ ወይም ከቡራዩ ለማለዳ በረራ ከሆነ አይከፋም። ተርሚናሉ አጠገብ ያለው ስካይላይት ሆቴል አለ፣ ኪስ ይጠይቃል። ቦሌ ሚካኤልና ሩዋንዳ በኩል መጠነኛ ፔንሲዮኖች ሞልተዋል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ገርጂ ያለ ዘመድ ነው፤ እራትም አለው።

ከበረራ ስመለስ ከበሩ ወጥቼ ምን ላድርግ?

ከመውጣታችሁ በፊት ሻንጣ መቀበያው አካባቢ ስልካችሁን አስተካክሉ። ሲም ካርድ የሚሸጡ አሉ፣ ባንኮችም አሉ። ውጭ ከወጣችሁ በኋላ ተመልሶ መግባት የለም። ሲም ሳይኖራችሁ ከወጣችሁ ደግሞ መኪናም ተቀባይም መጥራት አትችሉም፣ የቆመ ሰው ስልክ መለመን ይመጣል።

ከበሩ እንደወጣችሁ "ታክሲ? ታክሲ?" የሚል ሰው ይከባችኋል። ሻንጣችሁን ማንም እንዳይገፋላችሁ፤ ገፍቶ ሲያበቃ ዋጋ አለው፣ ያውም በዶላር ይጠይቃችኋል። ቢጫ ታክሲዎቹ ሕጋዊ ናቸው፣ ዋጋውን ከመግባታችሁ በፊት በብር ጨርሱ፣ የሰፈራችሁንም ስም በትክክል ተናገሩ። "አያት" ብላችሁ ተስማምታችሁ መንገድ ላይ "ከአያት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ አራብሳ ነው" ማለት ጠብ ነው፣ ሾፌሩም እውነት አለው። በመተግበሪያ የሚጠራ መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ በሩ ድረስ አይመጣም፤ ወደ መኪና ማቆሚያው ወርዳችሁ ሰሌዳውን አይታችሁ ነው የምትገቡት። ቴሌብር መቀበሉን ጠይቁ፣ ዝርዝር የለኝም የሚል ሾፌር ሌሊት ላይ ብዙ ነው።

ሌሊት ደርሳችሁ ሰፈራችሁ ሩቅ ከሆነ እስኪነጋ አዳራሹ ውስጥ መቆየት አያሳፍርም። እኔ እንዲያውም ያንን እመርጣለሁ። 12 ሰዓት ላይ መኪናው ይበዛል፣ ዋጋውም ሰው ይሆናል።

ከኤርፖርት በቀጥታ አዳማ ወይም ሐዋሳ መሄድ ይቻላል?

ይቻላል፣ ለእኛ ለምሥራቁ ዳር ሰዎች ደግሞ ደጃችን ነው። በጎሮ ወጥቶ ቱሉ ዲምቱ ላይ የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ይጀምራል። በፈረንጆቹ 2014 የተከፈተ የአገሪቱ የመጀመሪያው የክፍያ መንገድ ነው፣ ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከቦሌ እስከ ቱሉ ዲምቱ የሚፈጅባችሁ ሰዓት አንዳንዴ ከቱሉ ዲምቱ አዳማ ከሚፈጀው ይበልጣል፣ ቀልድ አይደለም። በአውቶቡስ ከሆነ የደቡቡና የአዳማው ቃሊቲ መናኸሪያ ነው፣ ደብረ ብርሃንና ደሴ ላምበረት።

ቢሾፍቱ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርትስ? ለኛ ይቀርባል ወይስ ይርቃል?

እንደየሰፈራችሁ። ቦታው አቡሴራ ነው፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ግንባታው በይፋ የተጀመረው ጥር 2፣ 2018 ዓ.ም ሲሆን የታቀደው በፈረንጆቹ 2030 እንዲያልቅ ነው። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ተብሏል፣ ንድፉ የዛሃ ሃዲድ አርክቴክትስ ነው። አራት ማኮብኮቢያ ይኖረዋል፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን ሰው፣ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ 110 ሚሊዮን። ቦሌ የአገር ውስጥ በረራ ይዞ ይቀጥላል ነው የተባለው።

ለምን እዚያ ድረስ ሄዱ ለሚለው፣ ቦሌ በቤት ተከብቧል፣ መስፊያ የለውም። ሌላው ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ ነው ያለው፣ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ይቸግረዋል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ሲሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ ሊሞላ ያርፋል፣ ሲመለስ ግን ቀጥታ ይመጣል። አቡሴራ ከቦሌ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል።

አሁን ወደ እኛ ነገር። ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ዱከም ያላችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ፈጣን መንገዱን ይዛችሁ ከተማ ሳትነኩ ትደርሳላችሁ። ደላላው ከወዲሁ "ለኤርፖርት ቅርብ" እያለ ቦታ መሸጥ ጀምሯል፤ ካርታውን ሳታዩ አትክፈሉ። መሬቱን ለቀው ወደ ሌላ ቦታ የሰፈሩት ገበሬዎች ነገር ደግሞ በጓሯችን ስለሆነ እየሰማነው ነው፣ ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ነው።

ከሱሉልታና ከቡራዩ ለምንሄደውስ?

ለእናንተ ይከፋል። አሁን ከተማውን አቋርጣችሁ ቦሌ ላይ ያበቃል፣ ያኔ ቦሌ ግማሽ መንገድ ይሆናል። ከቦሌ አዲሱ ኤርፖርት ድረስ ፈጣን ባቡር ታቅዷል። እሱ በጊዜው ከተዘረጋ ሻንጣችሁን ቦሌ አድርሳችሁ ባቡር መያዝ ነው። ካልተዘረጋ ከሱሉልታ ለሌሊት በረራ ከምሳ በኋላ መነሣት ሊኖር ነው።